ከስማሹ በፊት ያለችው ኳስ

በአዲ አርቃይ ለወጣቶች፣ ለወላጆችና ለስፖርት መምህራን የቀረበ ዲስኩር



መረብ ኳስ ያየ ሰው ቤቱ ገብቶ የሚያወራው ስለ ስማሹ ነው። «እንዴት አድርጎ ጠለዛት!» ይላል። ያቺ ኳስ ከመሬት ማን እንዳነሣት፣ ማን አመቻችቶ እንደሰቀለለት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ መናገር የምፈልገው ስለዚያ ስለማይወራለት ሰው ነው። ጨዋታው የሚረታውም የሚሸነፈውም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ንክኪ ነው ባይ ነኝ። ሕጉንም፣ የተጫዋቾቹን ቦታም፣ ክህሎቱንም በዚሁ በር እየገባሁ አሳያችኋለሁ።

ጨዋታው ያን ያህል የቆየ አይደለም። ዊሊያም ሞርጋን የሚባል የስፖርት መምህር አሜሪካ ውስጥ ሆልዮክ በምትባል ከተማ የፈጠረው በ1887 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1895 መሆኑ ነው። ለዓድዋ ድል አንድ ዓመት ሲቀር ማለት ነው። ሞርጋን ይሠራ የነበረው የአዲስ አበባ አንጋፋዎች ወወክማ እያሉ በሚያስታውሱት የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ውስጥ ነበር። ቅርጫት ኳስም ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በዚያው ማኅበር ተወልዷል። ሆኖም ሩጫውና ግፊያው ዕድሜያቸው ገፋ ላለ ሰዎች ከበደ። ሞርጋን ታዲያ መሐል ላይ መረብ ገተረና ሁለቱን ወገን ለያየ። ከዚያ ወዲህ ተጋጣሚህን መጥለፍ፣ መግፋት፣ ማሊያውን መጎተት የማይታሰብ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ፣ ኳሷም ስንት ጊዜ እንደምትነካ ገደብ አልነበረም፤ ስድስት ሰውና ሦስት ንክኪ የሚለው የመጣው ኋላ ነው። የኦሊምፒክ ስፖርት የሆነው ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ነው። ወደ ቶኪዮ እመለስበታለሁ።

እስቲ አስቀድሜ ስለ ሜዳ ላንሣ፤ ምክንያቱም እኛ አገር ትልቁ ችግር ሜዳ ነው። ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ዛሪማን አልፎ እዚህ የደረሰ ሰው ያየው ሁሉ ገደልና ተዳፋት ነው። ለእግር ኳስ የሚሆን 105 በ68 ሜትር ለጥ ያለ መሬት ከተገኘ አንድም ታርሷል፣ አንድም ቤት ተሠርቶበታል። የመረብ ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 18 ሜትር፣ ወርዱ 9 ሜትር ብቻ ነው። በዙሪያው ቢያንስ 3 ሜትር ነፃ ቦታ ሲጨመርለት 24 በ15 ሜትር ይሆናል። አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ላይ ወደ 20 የሚጠጉ የመረብ ኳስ ሜዳዎች ይዘረጋሉ ማለት ነው። ከቤት ውጭ ባለ ሜዳ ላይ ውኃ እንዳይተኛበት በየሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሰላ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ለእኛ የተጻፈ ይመስላል። ርዝመቱን ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ አድርጉት። የምንጫወተው ፀሐይ ሲበርድ ወደ ማታ ነው፤ ሜዳው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከተዘረጋ አንደኛው ቡድን ፀሐይዋን ዓይኑ ውስጥ ይዞ ይጫወታል።

መረቡ ለወንዶች 2.43 ሜትር፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ከፍታ ላይ ይታሰራል። የሚለካውም መሐሉ ላይ ነው። ገመድ ይዞ ሁለት ምሰሶ ላይ የሚያስር ሰው ጫፍና ጫፉን ለክቶ መሐሉ ረግቦ ይተወዋል፤ ከዚያ ልጆቹ ዝቅ ባለው በኩል መምታት ይለምዱና ሌላ ቦታ ሄደው ትክክለኛ መረብ ሲገጥማቸው ኳሷ ሁሉ መረቡ ላይ ትቀራለች። ለታዳጊዎች ደግሞ መረቡን ዝቅ አድርጉላቸው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በ2.43 ሜትር መረብ ሥር ማቆም ጨዋታውን እንዲጠላው ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። አንድ ቡድን ኳሷ ወደ ግዛቱ ከገባች በኋላ በሦስት ንክኪ መልሶ ማሳለፍ አለበት። መረቡ ላይ ሲከላከሉ በብሎክ የተነካችው አትቆጠርም፤ ከብሎክ በኋላም ሦስቱ ንክኪ ሙሉ ነው። አንድ ሰው በተከታታይ ሁለት ጊዜ መንካት አይችልም። ኳስ መያዝ የለም፣ መወርወር የለም። መስመር የነካች ኳስ ውስጥ ናት፤ መስመሩ ላይ ያረፈው ጫፏ ብቻ ቢሆንም ውስጥ ናት። በእግር መምታትም ይቻላል፤ ይህን ስል ብዙዎቻችሁ እንደምትደነቁ አውቃለሁ፣ በየሜዳውም ጠብ ያስነሣል። በማንኛውም የሰውነት ክፍል መምታት ከተፈቀደ ግን ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ኳሷን ለመጫወት ሲሞክሩ በመረቡ ጫፍና ጫፍ በሚቆሙት ሁለት ዘንጎች፣ በአንቴናዎቹ፣ መካከል ያለውን መረብ መንካት ጥፋት ነው። የመሐሉን መስመር እግር ሙሉ በሙሉ ተሻግሮ የተጋጣሚን ሜዳ ከረገጠም ጥፋት ነው፤ ከእግሩ ጥቂቱ መስመሩ ላይ ወይም ከመስመሩ በላይ ከቀረ ግን ዳኛው ፊሽካ አይነፋም።

ልብ በሉ፤ መያዝ ከተከለከለና ለአንድ ሰው ደጋግሞ መንካት ካልተፈቀደ፣ ጎበዝ ነኝ ባይ ኳሷን ይዞ አምስት ሰው አታልሎ ብቻውን ማግባት አይችልም። በእግር ኳስ ይቻላል፣ በቅርጫት ኳስም ይቻላል። እዚህ ግን የአንዱ ንክኪ ለሌላው ሥራ ይሰጣል ወይም ሥራ ያበላሻል። አንደኛዋ ንክኪ ከተበላሸች ሁለተኛው ሰው የሚሮጠው ኳስ ለማዳን ነው፤ ማመቻቸት አይችልም። ሦስተኛው ደግሞ እንደ ምንም ወደዚያ ማዶ ይወረውራታል። ተጋጣሚ የሚፈልገውም ይኼንኑ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መማር ያለበት በክንድ መቀበል ነው። ሁለቱን እጅ አቆላልፎ፣ አውራ ጣቶቹን ጎን ለጎን አስተኝቶ፣ ክርኑን ሳያጥፍ ክንዱን ዘርግቶ፣ ከአንጓው ከፍ ባለው የክንድ ሥጋ ላይ ማሳረፍ። የሁሉም ልጅ ስሕተት አንድ ነው፤ ኳሷ ስትመጣ ክንዱን ወደ ላይ ያወናጭፋል፣ ኳሷም ጣሪያ ላይ ትወጣለች። ክንድ ዝም ይላል፤ የሚሠራው ጉልበትና እግር ነው። ኳሷ ሳትደርስ ቀድሞ ከኳሷ ኋላ መቆም፣ ጉልበትን ሰበር ማድረግ፣ ትከሻን ኳሷ እንድትሄድ ወደሚፈለግበት ማዞር። ኃይለኛ ኳስ ስትመጣ እንዲያውም ክንዱን ትንሽ ወደ ኋላ ይዞ ፍጥነቷን መዋጥ ያስፈልጋል። አሠልጣኞች ሆይ፣ ይህን ስታስተምሩ በሰርቪስ አትጀምሩ። ጓደኛው በእጁ ቀስ አድርጎ ይወርውርለት፤ እሱ ደግሞ መረቡ አጠገብ ወደቆመ ሦስተኛ ልጅ ራስ ላይ ይላካት። ያ ልጅ ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ከተቀበለ ተሳክቷል። ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም፤ ሜትርም ሰዓትም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ክህሎት በጣት ማመቻቸት ነው። ኳሷን ከግንባር በላይ በአሥሩም ጣት ነክቶ ወዲያው መላክ። መዳፍ አይነካትም። ጣት ላይ ቆየት ካለች ያዝክ ይባላል። ይህ ሥራ የአመቻቹ ነው፤ በቡድን ውስጥ ከሁሉም ብዙ ኳስ የሚነካው፣ ከሁሉም ጥቂት ጭብጨባ የሚያገኘው ሰው። እኔ ቡድን ብመርጥ አስቀድሜ የምፈልገው እሱን ነው። ረዥም መሆን የለበትም፤ ዓይኑ ፈጣን፣ ጠባዩ ረጋ ያለ ይሁን። ኳሷ በመንገድ ላይ ሳለች የተጋጣሚን ብሎክ አይቶ ለማን እንደሚሰጥ መወሰን አለበት። ያኮረፈ አጥቂ ካለም እሱን ማባበል የአመቻቹ ድርሻ ነው፤ ይህ በሕግ መጽሐፍ የለም።

ስማሹ ሦስተኛው ነው። በቀኝ እጁ የሚመታ ልጅ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ብሎ ሦስት እርምጃ ተንደርድሮ፣ በሁለት እግሩ ዘሎ፣ ከፍተኛው ቦታ ላይ በተዘረጋ መዳፍ ይመታል። ስለ ስማሽ ብዙ አልልም፤ ወጣቱ ሳይነገረውም ሲለማመደው ይውላል። ብሎክም እንዲሁ፤ አጥቂው ከዘለለ በኋላ ጥቂት ዘግይቶ መዝለልና እጅን ወደ መረቡ ማዶ ማሻገር ነው። ሰርቪስ ላይ ብሎክ ማድረግ ግን አይፈቀድም።

የተጫዋቾቹ ቦታ ብዙዎችን የሚያደናግር ነው፤ ስለዚህ ዝግ ብዬ ልናገር። ስድስት ሰው አለ። ቁጥር 1 ከኋላ ቀኝ የሚቆመው ነው፤ የሚለጋውም እሱ ነው። ከፊቱ መረቡ ሥር 2 አለ። መሐል ፊት 3፣ ግራ ፊት 4። ከ4 ኋላ 5፣ መሐል ኋላ ደግሞ 6። ተጋጣሚ ለግቶ እኛ ነጥቡን ከወሰድን የመለጋት ተራው ወደ እኛ ይመጣል፤ ሁላችንም እንደ ሰዓት ዘንግ አንድ ቦታ እንሸጋገራለን። 2 የነበረው ወርዶ 1 ላይ ይለጋል፣ 1 የነበረው ወደ 6 ይሄዳል፣ 6 ወደ 5፣ 5 ወደ ፊት ወጥቶ 4 ይሆናል። ነጥቡን ያገኘነው ራሳችን ስንለጋ ከሆነ ግን አንንቀሳቀስም፤ ያው ሰው ይለጋል።

ስለዚህ ረዥሙ ልጅ ዘወትር መረብ ሥር፣ አጭሩ ዘወትር ኋላ መቆም አይችሉም። ሁሉም በሁሉም ቦታ ያልፋል። ተቀባዩ ቡድን ኳሷ እስክትለጋ ድረስ ተራውን ጠብቆ መቆም አለበት፤ ከተለጋች በኋላ ግን ሁሉም እየሮጠ ወደሚጠቅምበት ቦታ ይሄዳል። አመቻቹ ከኋላ ተነሥቶ መረብ ሥር ሲገባ የምታዩት ለዚህ ነው። ነፃነቱ ገደብ አለው፤ በተራው ኋላ የሆነ ሰው ብሎክ ማድረግ አይችልም፤ ከመረቡ 3 ሜትር ርቆ ከተሠመረው መስመር ወዲህ ተነሥቶም ከመረብ በላይ ያለች ኳስ መትቶ ማሻገር አይችልም። ከመስመሩ ኋላ ከዘለለ ይፈቀድለታል።

እዚህ ላይ ሊቤሮ የሚባለው ተጫዋች ይመጣል። በዓለም አቀፍ ውድድር የገባው በፈረንጆቹ 1998 ነው። ማሊያው ከሌሎቹ በቀለም ይለያል፤ ኋላ ብቻ ይጫወታል፤ ሥራው መቀበልና መከላከል ነው። ብሎክ አያደርግም፣ ከመረብ በላይ ያለች ኳስ መትቶ አያሻግርም፤ በዓለም አቀፉ ሕግ አይለጋም። ሲገባና ሲወጣም ለአንድ ዙር ከሚፈቀደው 6 ቅያሪ አይቆጠርበትም። እንግዲህ የዓለም ሕግ አውጪዎች ስማሹ እያየለ ጨዋታው ሲያጥርባቸው ያደረጉት ነገር ለመጀመሪያው ንክኪ ብቻ የሚሆን ሰው መፍጠር ነበር። ቁመቱ አጠረ ተብሎ ከቡድን የሚባረር ልጅ ካለ ወደዚህ ቦታ አምጡት።

ነጥብ አቆጣጠሩ ላይ አባትና ልጅ ሲከራከሩ አይቻለሁ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ድሮ ነጥብ የሚያገኘው የሚለጋው ቡድን ብቻ ነበር፤ ተቀባዩ ቢያሸንፍ የሚያገኘው የመለጋት ተራ ነው፤ ዙሩም በ15 ያልቅ ነበር። ከፈረንጆቹ 1999 ወዲህ ማንም ቢለጋ እያንዳንዱ የኳስ ምልልስ ነጥብ አለው። ዙሩ 25 ነጥብ ነው፤ ግን በ2 መብለጥ ያስፈልጋል፤ 24 እኩል ከሆኑ አንዱ በ2 እስኪበልጥ ይቀጥላል። ሦስት ዙር የወሰደ ያሸንፋል። ሁለት ለሁለት ከሆኑ አምስተኛው ዙር በ15 ይጠናቀቃል፤ አንዱ 8 ሲደርስም ሜዳ ይቀያየራሉ። የአቆጣጠሩ ለውጥ የመጀመሪያውን ንክኪ ዋጋ አናረው። ድሮ ሰርቪስ ቢበላሽ የሚጠፋው ተራ ብቻ ነበር፤ ተቀባዩ ቢሳሳት ነበር ነጥብ የሚሄደው። ዛሬ ሁለቱም ላይ ነጥብ አለ።

ሰርቪስን እስካሁን ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው፤ በእኛ አገር የራሱ ጉድ አለውና። የሚለጋው ሰው ከኋለኛው መስመር ውጭ በ9 ሜትሩ ወርድ ውስጥ የፈለገው ቦታ ይቆማል። ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ 8 ሰከንድ አለው። መስመሩን ረግጦ ከለጋ ጥፋት ነው። ኳሷ መረቡን ነክታ ብታልፍም ዛሬ ትክክል ናት። ጀማሪ ከታች ወደ ላይ ይለጋል፤ የጎለመሰ ከራሱ በላይ ይመታል፤ ጎበዝ ደግሞ ዘሎ ይለጋል። ተቀባይን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረው ሳትሽከረከር የምትመጣዋ ኳስ ናት። ስለማትሽከረከር አየሩ ከጎኗ እኩል አይለቃትም፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ታወላውላለች፣ ድንገትም ትወርዳለች።

ታዲያ ደባርቅ ወጥታችሁ ስትጫወቱ ሁለት ነገር ይገጥማችኋል። የኳስ የውስጥ አየር ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.30 እስከ 0.325 ኪሎ ግራም እንዲሆን ሕጉ ያዛል፤ በእኛ ደጋ ወደ ላይ 1000 ሜትር በወጣን ቁጥር ደግሞ የውጭው አየር ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.1 ኪሎ ግራም ያህል ይቀንሳል። እዚህ በትክክል የተነፋች ኳስ ሊማሊሞን ስትወጣ ከውጭ የሚጫናት አየር ስለሚቀንስ ትወጠራለች። ብርዱ ጥቂት ቢያላላትም ከልኩ በላይ መሆኗ አይቀርም። ክንድ ላይ ስታርፍ ታነጥራለች፤ ልጆቹም «ዛሬ እጄ እንቢ አለኝ» ይላሉ። እጃቸው ደኅና ነው፤ ኳሷን ማስተንፈስ ነበር። ደባርቅ የተነፋች ኳስ ወደ እኛ ስትወርድ ደግሞ ትላላለች። ሁለተኛው፣ አየሩ ስለሚሳሳ ኳሷን የሚይዛት ይቀንሳል፤ እዚህ መስመር ላይ ታርፍ የነበረች ሰርቪስ እዚያ ውጭ ትወድቃለች፤ ማወላወሏም ይቀንሳል። ስለዚህ ከውድድር በፊት ኳሷን ለክታችሁ ንፉ፤ ሰርቪሳችሁንም እዚያው ሞክሩ። ክብደቷ ከ260 እስከ 280 ግራም፣ ዙሪያዋ ከ65 እስከ 67 ሴንቲ ሜትር መሆኑንም ስትገዙ እዩ፤ ገበያ ላይ ከዚህ የከበደች ሞልታለች፤ የልጆችን ክንድ ታቀላለች።

ወደ ቶኪዮ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. እዚያ ወሰደ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 13፣ በዚያው ከተማ የጃፓን ሴቶች ሶቪየት ኅብረትን 3 ለ 0 አሸንፈው የመጀመሪያውን የሴቶች መረብ ኳስ ወርቅ አገኙ። አብዛኞቹ ኒቺቦ የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሥራቸውን ውለው ከዚያ ይለማመዱ ነበር። አሠልጣኛቸው ሂሮቡሚ ዳይማትሱ ያስተማራቸው ዋና ነገር ስማሽ እንዳይመስላችሁ። ሩቅ ያለች ኳስ ላይ ተወርውሮ ክንድ ካገባ በኋላ መሬት ላይ ተንከባሎ ወዲያው መቆም ነበር። ከሶቪየቶቹ በቁመት ያንሱ ነበር፤ በመቀበል ግን ኳስ መሬት አላስነካ አሉ።

በእኛም አገር መረብ ኳስን ይዘው የቆዩት ፋብሪካዎች ናቸው፤ ሙገር ሲሚንቶ፣ ብሔራዊ አልኮል። ከደቡብ ደግሞ ወላይታ ድቻ የሚባለው ክለብ በእግር ኳሱም በመረብ ኳሱም ስሙ ይጠራል። አዲ አርቃይ ፋብሪካ የላትም፤ ትምህርት ቤት ግን አላት፣ ሕፃናት አሏት።

ስለ ሴቶች ልጆች አንድ ነገር ልበል፤ እናቶች እንዳትቆጡኝ። ሜዳው ለሁሉም ክፍት ነው ማለት ብቻውን ምንም አያመጣም። ከአሥር ሰዓት በኋላ ወንዱ ኳስ ይዞ ሲወጣ እኅቱ ጀሪካን ይዛ ወደ ውኃ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ምጣድ ይጠብቃታል። መረቡ 2.24 ላይ ቢታሰርም ባይታሰርም ለእሷ ለውጥ የለውም። በሳምንት ሁለት ቀን ያንን ጀሪካን ወንድሟ ይያዝ። ይህን የሚወስኑት አሠልጣኞች አይደሉም፤ እናንተ ናችሁ።

ሌላው ተቀምጦ የሚጫወቱት መረብ ኳስ ነው። ወረዳችን ጦርነት ያለፈበት ነው፤ እግሩን ወይም እጁን ያጣ ወንድም የሌለው ሰፈር ጥቂት ነው። ይህ ጨዋታ ኔዘርላንድ ውስጥ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1956 ነው። ሜዳው 10 በ6 ሜትር፣ መረቡ ለወንዶች 1.15፣ ለሴቶች 1.05 ሜትር ነው። ተጫዋቹ ኳስ ሲመታ መቀመጫው ከመሬት መነሣት የለበትም፤ የቀረው ሕግ ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ ሰርቪስን ብሎክ ማድረግ ግን እዚህ ይፈቀዳል። ሩዋንዳ ውስጥ በአገራቸው ጦርነት በተቃራኒ ወገን የነበሩ አካል ጉዳተኞች በአንድ ቡድን ገብተው ተጫውተውበታል፤ የወንዶች ቡድናቸው በፈረንጆቹ 2012 ለለንደን፣ ሴቶቹ በ2016 ለሪዮ ፓራሊምፒክ በቅተዋል። እግር ያለውም ሰው ቁጭ ብሎ አብሮ መለማመድ ይችላል፤ መጀመሪያ ቀን ግን ሲሸነፍ ይውላል፤ እጅና መቀመጫን አስተባብሮ መንቀሳቀስ ያልለመደው ነዋ።

ጥያቄ ካላችሁ አሁን እቀበላለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ማስታወቂያ አለኝ። መሬቱን ለክተን ችካል የምንተክለው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ገመድና ሜትር እኔ ይዤ እመጣለሁ። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ድንጋዩን ለቅመን ካልጨረስን ማንም ልጅ ተወርውሮ ኳስ አያነሣም።